ሐቅ ያልቀደመው እርቅ፦ የቤልፋስት ሰፈሮች ስለ ሽምግልና የሚያስተምሩን



በአገራችን ሁለት ሰዎች ተጣሉ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ሽማግሌ ይግባበት» የሚለው ነው። መልካም ልማድ ነው። ፍርድ ቤት ዓመት የሚፈጅበትን ጉዳይ ሽማግሌ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊቋጨው ይችላል። ፍርድ ቤት አንዱን ረቺ ሌላውን ተረቺ አድርጎ ሲያሰናብት ሽማግሌ ሁለቱንም አስታርቆ፣ አጨባብጦ ይሸኛል። ይሁንና ይህን ልማዳችንን ስናወድስ ብዙውን ጊዜ የምንዘላቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ በእርቁ ላይ የተበደለው ሰው በእርግጥ ተሰምቷል ወይ? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሽማግሌውን ራሱን ማን ይመረምረዋል? የሚል ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች በቁም ነገር ይዘው ለረጅም ዓመታት የደከሙባቸው ሰዎች አሉ። የሚኖሩት ከእኛ በጣም ርቀው፣ በሰሜን አየርላንዷ ዋና ከተማ በቤልፋስት ነው። ቤልፋስት የጎረቤት ጠብ ከመሣሪያ ጋር ተቀላቅሎ የኖረባት ከተማ ናት። በዚያ የሽምግልናን ጥቅም ብቻ ሳይሆን አደጋውንም ጭምር በግልጽ ማየት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የእነርሱን ልምድ ካየን በኋላ ለእኛ የሚሆነውን ትምህርት ለመልቀም እሞክራለሁ።

ግንብ የለያቸው ጎረቤታሞች

የአየርላንድ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1921 ለሁለት ስትከፈል ደቡቡ ወደ ነጻነት ሲያመራ ሰሜኑ ከብሪታንያ ጋር ቀረ። በሰሜኑ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ከብሪታንያ ጋር መኖርን ሲመርጥ አብዛኛው ካቶሊክ ደግሞ ከደቡቡ ጋር መዋሐድን ሲሻ ኖሯል። ስለዚህ ጠቡ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ጠብ ይባል እንጂ ስለ እምነት የሚደረግ ክርክር አልነበረም። አገሪቱ የማን ናት? ሥራውን፣ ቤቱንና ሥልጣኑን የያዘው ማነው? የሚል ነበር። የሃይማኖት ስም የወገን መለያ ሆነ እንጂ የጠቡ ምክንያት አልሆነም። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በሌላም አገር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነውና።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 በቆየው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በቤልፋስት የሠራተኛ ሰፈሮች ቤቶች ሲቃጠሉና ቤተሰቦች ወደየወገናቸው ሲሸሹ፣ የብሪታንያ ጦር ካቶሊኮች በሚኖሩበት በፎልስና ፕሮቴስታንቶች በሚኖሩበት በሻንኪል መካከል አጥር አቆመ። አጥሩ ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ቆርቆሮው ወደ ጡብ፣ ጡቡም ወደ ረጅም ግንብ ተለወጠ። ሌሎች ግንቦችም በየሰፈሩ ተጨመሩ። አንዳንዶቹ ቀን የሚከፈት፣ ማታ የሚዘጋ በር አላቸው። በአንድ መንገድ ማዶና ማዶ የሚኖሩ ሰዎች በተለያየ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በተለያየ ሱቅ ገዝተው፣ ስለ ሌላው የሚያውቁት በወሬ ብቻ ሆኖ ኖሩ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1998 የተፈረመው የሰላም ስምምነት የጦርነቱን ዘመን በአመዛኙ ዘጋው። ነገር ግን መሪዎች በወረቀት ላይ የሚፈርሙት ሰላም በየመንደሩ ያለውን ቁርሾ አይፈታውም። ልጁ መስኮት የሰበረበት ሰው፣ መኪናው የተሰረቀበት ሰው፣ ጎረቤቱ ሌሊት የሚረብሸው ሰው ዘወትር አቤት የሚልበት ቦታ ይፈልጋል። በቤልፋስት ሰፈሮች ይህ ቦታ ጠፍቶ ነበር።

ፖሊስ የማይጠራበት ሰፈር

በዚያን ዘመን በነበረው የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ውስጥ ካቶሊኮች በ1990ዎቹ መጨረሻ ከመቶ 8 ያህል ብቻ ነበሩ። የካቶሊክ ሰፈር ነዋሪ ፖሊስን የሚያየው እንደ ባላጋራ ጦር ነበር። ፖሊስን የጠራ ሰው «ሰላይ» ሊባል ይችላል፤ ሰላይ መባል ደግሞ ሕይወትን ያስከፍላል። በድሆቹ የፕሮቴስታንት ሰፈሮችም ቢሆን በፖሊስ ላይ ያለው እምነት ሙሉ አልነበረም።

ባዶውን ቦታ የያዙት ታጣቂ ቡድኖች ናቸው። በካቶሊኮቹ በኩል አይ.አር.ኤ.፣ በፕሮቴስታንቶቹ በኩል ደግሞ ዩ.ቪ.ኤፍ. እና ዩ.ዲ.ኤ. የተባሉት ቡድኖች የሰፈር ዳኛም ቅጣት አስፈጻሚም ሆኑ። መኪና እየሰረቀ የሚጋልብ፣ ቤት የሚዘርፍ ወይም አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጥ ወጣት በመጀመሪያ ይዛትበታል። ካልተመለሰ በዱላ ይደበደባል፣ ከሰፈሩ ይባረራል ወይም ጉልበቱ ላይ በጥይት ይመታል። ይህ ቅጣት የደረሰባቸው ሰዎች በሺዎች ይቆጠራሉ። አንዳንዱ ወጣት «በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ ተገኝ» ተብሎ ለጥይት በቀጠሮ ይጠራ ነበር። ወላጅ ራሱ ልጁን ይዞ የሄደበት ጊዜም ነበር፤ ባይቀርብ የሚከተለው የባሰ ስለሆነ።

በዚህ ረገድ ሁሉንም በታጣቂዎቹ ላይ ብቻ ማላከክ እውነቱን ያጎድለዋል። ቅጣቱን ይጠይቅ የነበረው ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ነው። ቤቱ የተዘረፈ አባወራ፣ ዕረፍት ያጣች አሮጊት ወደ ታጣቂዎቹ ሄደው «አንድ ነገር አድርጉልን» ይሉ ነበር። ሕዝብ ፍትሕ ሲጠማው የቆሸሸ ውኃም ይጠጣል። ችግሩ ግን ቅጣቱ በሽታውን አለማዳኑ ነበር። ጉልበቱን የተመታው ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ ተመልሶ መኪና ይሰርቃል። የተሰረቀበት ሰው ንብረቱም አይመለስለትም፣ ይቅርታም አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 ዋናዎቹ ቡድኖች ተኩስ ሲያቆሙ እንኳ ይህ ልማድ አልቆመም። አይ.አር.ኤ. ጥይቱን ትቶ በብረትና በዱላ ቀጠለ።

ሦስተኛው መንገድ

በዚህ ጊዜ ነበር አንዳንድ ሰዎች «ፖሊስ የለም፣ ጥይትም አንፈልግም፤ ታዲያ ምን?» ብለው መጠየቅ የጀመሩት። በካቶሊኮቹ ወገን የሰፈር ሠራተኞች፣ የሕግ ምሁራንና ቀድሞ የታሰሩ ሰዎች ተወያይተው እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ሰነድ አወጡ። ሰነዱ በሽፋኑ ቀለም ምክንያት «ሰማያዊው መጽሐፍ» እየተባለ ይጠራል። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚዩኒቲ ረስቶሬቲቭ ጀስቲስ አየርላንድ የተባለው ድርጅት በዚህ መሠረት ላይ ተቋቋመ። በፕሮቴስታንቶቹ ሰፈር በሻንኪልም በተመሳሳይ ጊዜ ኦልተርኔቲቭስ የተባለው ድርጅት በራሱ ጥናት ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ግንቡ በለያቸው በሁለቱም ወገኖች፣ ለየብቻ፣ አንድ ዓይነት ሐሳብ በቀለ ማለት ነው።

ሐሳቡ በቋንቋችን ቢተረጎም «የተሰበረውን የሚጠግን ፍትሕ» ሊባል ይችላል። የተለመደው የወንጀል ፍርድ፦ የተጣሰው ሕግ የትኛው ነው? የጣሰው ማነው? ቅጣቱስ ምንድን ነው? ብሎ ይጠይቃል። ይህኛው ግን የተጎዳው ማነው? ምን ጎደለበት? የጎደለውን የመሙላት ግዴታ ያለበትስ ማነው? ብሎ ይነሣል። በመጀመሪያው አሠራር ተበዳይ ምስክር ሆኖ ቀርቦ ይሸኛል። በሁለተኛው ግን ጉዳዩ የእርሱ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አቤቱታ ሲመጣ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ሁለቱን ወገኖች በመጀመሪያ ለየብቻ ያነጋግራሉ። ተበዳይ የደረሰበትን፣ የሚፈራውንና የሚፈልገውን ይናገራል። በዳይ ድርጊቱን ያምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ካላመነ በዚህ መንገድ መቀጠል አይቻልም። ማንም ወገን ተገዶ አይመጣም። ሁለቱም ፈቃደኛ ከሆኑ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ተበዳይ መገናኘት ካልፈለገ ሸምጋዩ መልእክት ያመላልሳል። በመጨረሻ የሚደረሰው ስምምነት ይጻፋል፤ አፈጻጸሙም ለሳምንታት ወይም ለወራት ይከታተሉታል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ወጣት የአንዲት አሮጊትን መስኮት ደጋግሞ ሰበረ እንበል። በቀድሞው መንገድ ወጣቱ ይደበደባል፤ አሮጊቷም ደብዳቢዎቹ በእርሷ ስም የሠሩትን እያሰበች መስኮቷ ላይ ካርቶን ለጥፋ ትቀመጣለች። በዚህኛው መንገድ ግን ወጣቱ እሷ ሌሊት ሌሊት ምን እየተሰማት እንደምታድር ከአንደበቷ ይሰማል። መስኮቱን ያሠራል፣ ግቢዋን ያጸዳል ወይም ለሰፈሩ የሚሆን ሥራ ይሠራል። ትምህርት አቋርጦ ከሆነ እንዲመለስ፣ መጠጥ ወይም ዕፅ ካለበት ሕክምና እንዲያገኝ ይታገዛል። ይህ ለወጣቱ ከዱላ ይቀላል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ዱላን ጥርስ ነክሶ ማሳለፍ ይቻላል፤ የበደሉትን ሰው ዓይን ማየት ግን ከባድ ነው።

ውጤቱን የገመገሙም አሉ። ሃሪ ሚካ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ግምገማ፣ ድርጅቶቹ ጣልቃ ከገቡባቸውና ድብደባ ወይም ጥይት ሊከተላቸው ይችል ከነበሩ ጉዳዮች መካከል በካቶሊኮቹ ሰፈሮች 82 ከመቶ፣ በፕሮቴስታንቶቹ ደግሞ 71 ከመቶ በሚሆኑት ቅጣቱ እንዲቀር ተደርጓል። በዚህ ቁጥር ውስጥ በእግሩ ቆሞ የሚሄድ ብዙ ወጣት አለ።

ሽማግሌውን ማን ይመረምረዋል?

ይህን ሁሉ ስናይ ሥራው ያለ ተቃውሞ የተጓዘ እንዳይመስለን። ተቃዋሚዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አልነበረም። በተለይ ኤስ.ዲ.ኤል.ፒ. የተባለው የካቶሊኮች የፖለቲካ ፓርቲ «ትናንት በዱላ ሰፈሩን የገዙት ሰዎች ዛሬ በሽምግልና ስም ሊገዙት ነው» የሚል ሥጋት ደጋግሞ አሰምቷል። በእርግጥም ከሸምጋዮቹ ውስጥ ቀድሞ ታጣቂ የነበሩና ታስረው የወጡ ነበሩባቸው። የካቶሊኮቹን ድርጅት የመሩት ጂም ኦልድ እ.ኤ.አ. በ1971 ያለ ፍርድ ከታሰሩትና «ኮፍያ የለበሱት ሰዎች» ተብለው ከሚታወቁት፣ በምርመራ ወቅት ከባድ ግፍ ከተፈጸመባቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። ደጋፊዎች «ወጣቱን ከታጣቂዎቹ እጅ ሊያወጣ የሚችለው ታጣቂዎቹ የሚያከብሩት ሰው ነው» አሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ «የሚፈራ ሰው ሲሸመግል ፈቃደኝነት የሚባል ነገር የለም» አሉ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

የዚህን ክርክር ክብደት ያሳየ አንድ ክስተት እ.ኤ.አ. በ2005 ተፈጸመ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ሮበርት ማካርትኒ የተባለ ካቶሊክ የቤልፋስት ነዋሪ በአንድ መጠጥ ቤት አጠገብ ተገደለ፤ በግድያው የአይ.አር.ኤ. አባላት እጅ ነበረበት። በመጋቢት ወር ቡድኑ ለሟች ቤተሰብ ገዳዮቹን ራሱ በጥይት ለመምታት ዝግጁ መሆኑን ገለጸ። የሟች እህቶች ግን እምቢ አሉ። የፈለጉት ደም አልነበረም፤ ነገሩ በፍርድ ቤት፣ በግልጽ፣ ምስክር ቀርቦ እንዲታይ ነው። ከዚያው ሰፈር የወጡ ሴቶች «በእኛ ስም አትቅጡልን» ማለታቸው ለዓለም ሁሉ ተሰማ። ነፍስ የጠፋበትን ጉዳይ የሰፈር ሽምግልናም ሆነ የሰፈር ጡንቻ ሊሸከመው እንደማይችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

መፍትሔው ሽምግልናውን መዝጋት ሳይሆን ሥርዓት ማስያዝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፍትሕ ሥርዓት ግምገማ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ዕውቅና ሊያገኙ የሚችሉት በመንግሥት መስፈርትና ቁጥጥር ሥር ሲሆኑ ነው አለ። ሕጉ ራሱም ተለወጠ፤ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ወጣት አጥፊዎችና ተበዳዮች የሚገናኙበት ጉባኤ የመንግሥት የፍትሕ አካል ሆነ። በጥር ወር 2007 የሪፐብሊካኖቹ ፓርቲ ሲን ፌን አዲሱን ፖሊስ ለመደገፍ በጉባኤው ወሰነ። በየካቲት ደግሞ ለሰፈር ሽምግልና ድርጅቶች የሚሆን ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት ወንጀል የሆነ ነገር ሁሉ ለፖሊስ ይገለጻል፤ በሽምግልና ይታይ ወይም አይታይ የሚለውን ዐቃቤ ሕግ ይወስናል፤ የሚፈቀደውም ለቀላል ወንጀል ብቻ ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የድርጅቶቹን መዝገብ፣ የሸምጋዮቹን ማንነትና የቅሬታ አቀራረባቸውን ይመረምራሉ። ሁለቱም ድርጅቶች ተመርምረው ዕውቅና አገኙ።

በዚህ ቦታ ላይ ወደ ራሳችን ዞር ልበል። በሰፈሬ በአንድ ወቅት በተቀመጥኩበት ሽምግልና ላይ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። በጠብ እጁ የተሰበረ አንድ የቀን ሠራተኛ ቀረበ። በዳዩ የሰፈሩ ባለ ሀብት ዘመድ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገና ከመቀመጣቸው «በል እንግዲህ ለአላህ ብለህ ማረው» አሉት። ስንት ቀን ሥራ እንደፈታ የጠየቀው የለም። ቤቱ ምን እንደተበላ የጠየቀው የለም። ተነሥቶ ጉንጩን ሰጠ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ተበታተንን። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰፈሩን ለቅቆ ሄደ። በመዝገባችን ላይ ያ ጉዳይ «በእርቅ ተፈጸመ» ተብሎ ይቆጠራል። እኔ ግን ሁለተኛ በደል ብየዋለሁ፤ ከመጀመሪያው የሚለየው የአላህ ስም ተጠርቶበት መፈጸሙ ነው።

ወሬን የሚያጠፋ ስልክ

እስከ አሁን ያየነው በአንድ ወገን ሰፈር ውስጥ ያለውን ጠብ ነው። ግንቡን ተሻግሮ የሚነሣው ጠብ ግን ሌላ ዓይነት ሸምጋይ ይፈልጋል። በቤልፋስት የድንበር ሰፈሮች ሁከት የሚነሣው ብዙ ጊዜ በወሬ ነው። «እነርሱ ሊመጡ ነው»፣ «ልጃችንን መቱት»፣ «ቤት አቃጠሉ» ሲባል ሕዝቡ ይወጣል፤ ማዶ ያለውም የወጣውን ሕዝብ አይቶ «እውነትም ሊመጡብን ነው» ብሎ ይወጣል። ወሬው በዚህ መንገድ ራሱን እውነት ያደርጋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለቱ ወገን የሰፈር ሠራተኞች አንድ ቀላል ዘዴ ዘረጉ። በየድንበሩ ለታመኑ ሰዎች ተንቀሳቃሽ ስልክ ሰጡ። ሕዝብ ሲሰበሰብ ወይም ድንጋይ ሲወረወር የዚህኛው ወገን ሰው ለማዶው ሰው ይደውልና «ይህ ተብሏል፤ እውነት ነው ወይ?» ይለዋል። ያም ሄዶ አይቶ ይመልሳል፤ ሁለቱም ወደየወገናቸው ተመልሰው ልጆቹን ወደ ቤት ያስገባሉ። ሁለቱ ሰዎች በፖለቲካ ጨርሶ ላይስማሙ ይችላሉ። የሚፈለገው መስማማት ሳይሆን አንዱ የሌላውን ቃል ማመኑ ነው።

ዘዴው ሁልጊዜ አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2001 በሰሜን ቤልፋስት አርዶይን ሰፈር ሆሊ ክሮስ የተባለው የካቶሊክ ሴት ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ በተነሣው ጠብ፣ ሕፃናት በፖሊስና በወታደር ታጅበው፣ ስድብና ድንጋይ እየወረደባቸው ለሳምንታት ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል፤ ፈንጂ ሳይቀር ተወርውሯል። ስለ ጠቡ መነሻ ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት ፈጽሞ የማይገናኝ ነው። ተቃውሞው የቆመው በኅዳር ወር ነበር። በሕፃናቱ ላይ የተፈጸመውን ማንም ሊያመካኝለት አይችልም። ሆኖም ከዚያ አስቀድሞ የመንገዱ ነዋሪ ፕሮቴስታንቶች «እየተገፋን ነው፣ ሰሚ አጣን» ሲሉ የኖሩትን አድምጦ መልስ የሚሰጥ መድረክ አልነበረም። ያልተሰማ ብሶት በመጨረሻ የሚወድቀው በማይመለከተው፣ በሕፃን ላይ ነው።

በዚያው አካባቢ ከዓመታት በኋላ የሆነው ግን ተስፋ ይሰጣል። ኦሬንጅ የተባለው የፕሮቴስታንቶች ማኅበር በየዓመቱ ሐምሌ 12 በሚያደርገው ሰልፍ ከአርዶይን አጠገብ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የማታው መልስ ጉዞ ሲታገድ ማኅበርተኞቹ ትዋዴል በተባለው መንገድ ላይ ካምፕ ሠርተው ከሦስት ዓመት በላይ ተቀመጡ። ለጥበቃ ብቻ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ። በመጨረሻ ሃሮልድ ጉድ የተባሉ የሜቶዲስት ቄስና ጂም ሮዲ የተባሉ የዴሪ ከተማ ሰው ሸምግለው በመስከረም 2016 ስምምነት ተደረሰ። ማኅበርተኞቹ የቀረውን ጉዞ አንድ ጠዋት እንዲፈጽሙ፣ ካምፑ እንዲፈርስ፣ የማታው ጉዞ ደግሞ ሰፋ ያለ መግባባት እስኪገኝ እንዳይጠየቅ፤ ከነዋሪዎቹ ጋር የተደራደረው ማኅበርም ሰልፉን እንዳይቃወም ተስማሙ። ሁሉም ነዋሪ አልተደሰተም። ሆኖም ጥቅምት 1 ቀን ሰልፉ በሰላም አለፈ፤ ካምፑም ተነሣ።

ይህ ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። ቁረይሾች ካዕባን ሲያድሱ ጥቁሩን ድንጋይ ማን ያስቀምጥ በሚል ሊጋደሉ በደረሱ ጊዜ፣ ገና ነቢይነት ያልተሰጣቸው ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ድንጋዩን በጨርቅ ላይ አድርገው የየጎሣው መሪ አንድ አንድ ጫፍ ይዞ እንዲያነሣ ያደረጉትን እናውቃለን። ማንም እጁ ባዶ ሆኖ አልተመለሰም። መልካም ሸምጋይ ከባዱን ነገር ብቻውን አያነሣም፤ ጨርቁን ዘርግቶ ሁሉም እንዲይዘው ያደርጋል።

ለእኛ የሚሆነው

ውድ አንባቢያን! በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ ከተባለ በኋላ መስጂዶች መቃጠላቸውንና የሙስሊሞች ሱቆች መዘረፋቸውን እናስታውሳለን። በሁለቱ ወገን አንዱ ለሌላው ደውሎ «የሰማሁት እውነት ነው ወይ?» የሚባባል፣ ቃሉ የሚታመን ሰው አስቀድሞ ቢዘጋጅ ኖሮ ምን ያህል ንብረት በተረፈ ነበር? ይህን ጥያቄ የማነሣው ያለፈውን ለመቀስቀስ ሳይሆን ለነገው ለማሰብ ነው።

በሱረቱል ሑጁራት ውስጥ ያለውን ቅደም ተከተል እንመልከት። ወሬ ይዞ የመጣን ሰው አጣሩ የሚለው ትእዛዝ በስድስተኛው አንቀጽ ይቀድማል። የተጋደሉትን አስታርቁ የሚለው በዘጠነኛው ይከተላል፤ እዚያው ላይ ወሰን ያለፈውን ወገን ማስቆም፣ ከዚያም በፍትሕ ማስታረቅ ታዝዟል። እንግዲህ ማጣራት፣ በዳይን ማስቆም፣ በፍትሕ ማስታረቅ ነው ሥርዓቱ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ዘልለን በመጨረሻው እንጀምራለን፤ እርሱንም «በፍትሕ» የሚለውን ቃል አስቀርተን።

ስለዚህ ለመስጂድ ኮሚቴዎች፣ ለዕድሮችና ለሰፈር ሽማግሌዎች አራት ነጥቦችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ተበዳይ በቅድሚያ፣ ለብቻውና ሳይቸኮል ይሰማ። ምን ጎደለብህ? ምን ትፈልጋለህ? ሳይባል «ማረው» አይባል። ምሕረት የተበዳዩ ስጦታ ነው፤ በሽማግሌ ተጽእኖ የተወሰደ ምሕረት ስጦታ አይባልም።

ሁለተኛ፣ ፈቃደኝነት እውነተኛ ይሁን። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን እንኳ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ጉዳይ የሚያዩት ባለጉዳዮቹ በዚያ ለመዳኘት ሲስማሙ ነው። ሕግ ለቃዲ ያልፈቀደውን ግዴታ ሽማግሌ ከየት ያመጣዋል? በተለይ ተበዳይዋ ሴት፣ ሕፃን ወይም ድሀ ስትሆን «እምቢ ብል ማን ይጠላኛል?» የሚለውን ፍርሃት ማስወገድ የሸምጋዩ ኃላፊነት ነው።

ሦስተኛ፣ ስምምነቱ ይጻፍ፤ አፈጻጸሙም ይታይ። ካሳ ከተባለ መጠኑና ቀኑ ይቀመጥ፤ ከወር በኋላ አንድ ሰው ሄዶ «ተፈጸመ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በዱዓ ብቻ የተዘጋ ጉዳይ በሐሜት ይከፈታል።

አራተኛ፣ ድንበሩ ይታወቅ። ነፍስ የጠፋበት፣ አካል የጎደለበት፣ ሴት የተደፈረችበት ጉዳይ የሕግ ነው፤ ሽማግሌ ለሕግ አቅርቦ ቤተሰቦቹ ደም እንዳይቃቡ ማድረግ ይችላል እንጂ ጉዳዩን በራሱ ሊዘጋው አይገባም። ሽማግሌዎችም ራሳቸው ቅሬታ የሚቀርብባቸውና የሚጠየቁበት መንገድ ይኑር። ታማኝ ሰው ጥያቄ አይፈራም።

በመጨረሻም የቤልፋስትን ታሪክ ከሆነው በላይ አሳምረን እንዳናየው ያስፈልጋል። መንግሥት ግንቦቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈርሰው እንዲያልቁ እ.ኤ.አ. በ2013 ቃል ገብቶ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልፍ ብዙዎቹ ባሉበት ቆመው ነበር። የታጣቂዎቹ የቅጣት ድብደባም በጣም ቀነሰ እንጂ ከሥሩ አልተነቀለም። የግንቡ ማዶ ነዋሪዎች ብዙ ጊዜ «ይፍረስ፤ ግን ገና አሁን አይደለም» ይላሉ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ በአዋጅም አይጠፋም። ቢሆንም በዚያ ከተማ ዛሬ ልጁ ያጠፋበት ወላጅ የሚሄድበት ቦታ አለ፤ ከዚያ የሚመለሰውም ልጁን በቃሬዛ ይዞ አይደለም።

በእኛ ሰፈሮች ይህን ያህል ግንብ የለም፤ አልሐምዱሊላህ። ያለን የሽምግልና ልማድም እነርሱ ከባዶ ጀምረው የደከሙበት ነው። የጎደለን ልማዱ ሳይሆን ልማዱን በሐቅ መጠበቁ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሽማግሌ ሁነን ስንቀመጥ መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው ማን ላይ እንደሆነ እንመርምር፤ በሰፈሩ በሚከበረው ሰው ላይ ነው ወይስ በተጎዳው ላይ?

ወላሁ አዕለም።